«ዲዛይኑ በነፃ ነው»፦ የጎንደር የዲዛይንና የኅትመት ቤቶች አገልግሎት ሲመዘን

ጎንደር ፒያሳ ላይ አንዱ ኅትመት ቤት ግቡና «ለካፌዬ ታፔላ ላሠራ ነበር» በሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት በስንት?» ነው። ሁለተኛው «ለመቼ?»። ከዚያ ልጁ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ የዲዛይን ፕሮግራሙን ኮረልድሮን ይከፍታል፤ ሦስተኛ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የለም። «ዲዛይኑስ ስንት ነው?» ካላችሁ መልሱ የታወቀ ነው፦ «እዚሁ ካሳተማችሁ እሱ በነፃ ነው።»

ይህ ግምገማ የሚያጠነጥነው በዚያች «በነፃ» ላይ ነው። የሚመዘነው አንድ ቤት አይደለም። ሎጎ፣ ታፔላ፣ ሜኑ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ባነርና የፌስቡክ ፖስት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩ የከተማዋ ቤቶች ለነጋዴው የሚሰጡት አገልግሎት ነው። ስም ያልተጠራውም ለዚሁ ነው፤ የደንበኛውን ንግድ ያለማሰብን ጉድለት የወለደው የሥራው አከፋፈል እንጂ የአንድ ሰው ስንፍና አይደለም።

የእጅ ሥራው ላይ ችግር የለም፤ ይህን ማስቀደም ፍትሕ ነው። ከጥምቀት ማግስት ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለው የሠርግ ወቅት፣ መብራት እየሄደ እየመጣ፣ የጥሪ ካርድ በቀጠሮው ቀን ያደርሳሉ። ፍሌክሱ፣ ማለትም ባነር የሚታተምበት ፕላስቲክ፣ ጠርዙ ታጥፎ፣ የመስቀያ ቀለበቱ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ተመትቶ ይወጣል። ጎበዞቹ ፋይሉን ለማሽን ከመስጠታቸው በፊት ፊደሉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ፣ ይለውጣሉ፤ ኮረልድሮ ላይ ኮንትሮልና ኪው ነው። ምክንያት አላቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተሠሩ ፎንቶች ዛሬም በየኮምፒውተሩ አሉ። በእነሱ የተጻፈ «እንኳን ደህና መጡ» ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ጥርቅም ይሆናል። ፍጥነቱም ጥራቱም ካለ ታዲያ ምን ጎደለ?

ገቢው ከየት እንደሚመጣ ተመልከቱ። ዋጋ የሚወጣው በካሬ ነው። 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ፍሌክስ 6 ካሬ ነው፤ 6 በካሬው ዋጋ ተባዝቶ አለቀ። ዲዛይነሩ ግማሽ ቀን ቢያስብም አሥር ደቂቃ ቢያስብም ሒሳቡ ያው ነው። «ታፔላው ያንስ፤ ይልቅ ደረጃው ሥር ቀስት ይደረግ» ብሎ ቢመክር ደግሞ ከገዛ ኪሱ ካሬ ቀነሰ ማለት ነው። በነፃ የተሰጠ ሐሳብ ዋጋው የሚመለሰው በፍሌክስ ስለሆነ ሐሳቡ ሁልጊዜ ወደ ትልቅ ፍሌክስ ያጋድላል። «ዲዛይነሮቻችን የደንበኛውን ንግድ አያስቡም» ለሚለው ወቀሳ ሥሩ እዚህ ነው፤ ሥልጠና ስላጡ ብቻ አይደለም።

ታፔላው

ፒያሳ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ያለ ካፌ እንውሰድ። ባለቤቱ ይመጡና «ደንበኛ ቀነሰ፤ ሎጎው አርጅቷል መሰለኝ፣ አዲስ ሥሩልኝ» ይላሉ። በካሬ የሚያስበው ቤት ሎጎውን ይሠራል፣ ባነሩንም ያትማል። የሚጠይቅ ዲዛይነር ግን እጁን ከማውሱ ላይ ያነሳና «ጋሼ፣ አዲስ ሰው ሲደውልልዎት መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው?» ይላል። «በየት በኩል ነው የሚወጣው ይሉኛል» ካሉት ችግሩ የሎጎ ሳይሆን የበር ነው። ከምድር ቤት ሁለት ሱቆች መሐል የተደበቀችውን የደረጃ መግቢያ ማሳየት አዲስ ሎጎ የማያመጣውን ሰው ያመጣል፤ ወጪውም ያንሳል።

ሰውዬው በዕድሜ አባቱ የሚሆኑ ናቸው። «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» ማለት ነውር ብቻ አይደለም፣ ሥራውንም ያሳጣል። ጥያቄው ግን ባለቤቱ ራሳቸው መልሱን እንዲናገሩት ያደርጋል። «በር ነው ለካ ችግሬ!» ያሉት እሳቸው ከሆኑ በኋላ ዲዛይኑን ለማጽደቅ ክርክር የለም።

ቀጥሎ ልኬት። ታፔላውን የሚያየው ማነው፣ ከስንት ሜትር፣ በእግሩ ነው በባጃጅ? በምልክት ሥራ የተለመደው ስሌት በየ3 ሜትር ርቀቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ነው። ከ30 ሜትር እንዲነበብ የተፈለገ ስም ስለዚህ 25 ሳንቲ ሜትር ይሻል። ስሌቱ የተሰላው ለላቲን ፊደል ነው፤ ለግዕዝ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። «ጭ»ን፣ «ጵ»ን፣ «ቋ»ን ከሩቅ እዩአቸው፦ ቀለበቱና ቅጥያው ተጠጋግተው አንድ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። አክሪሊክ ተቆርጦ ከኋላው ኤልኢዲ ሲበራበት ደግሞ ብርሃኑ ስለሚረጭ ውስጠኛው ክፍተት ጭራሽ ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀጠን ያለ ፎንት መምረጥ፣ በፊደላቱ መካከል አየር መተው፣ ከዚያም ስሙን በአንድ ገጽ ወረቀት አትሞ መንገዱ ማዶ ቆሞ ማየት ነው። ወረቀቱ የታፔላው አንድ አምስተኛ ከሆነ የምትቆሙበት ርቀትም ታፔላው ከሚታይበት ርቀት አንድ አምስተኛ ይሁን። አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው።

የከተማዋ ታፔላዎች ትልቁ በሽታ መጨናነቅ ነው። ስም፣ ሁለት ስልክ፣ የቲክቶክ አድራሻ፣ ስምንት ዓይነት አገልግሎት፣ የበርገር ፎቶ። ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰው ስልክ ቁጥር አይመዘግብም። ስልኩ ቢዝነስ ካርዱና ጉግል ካርታው ላይ ይቀመጥ፤ ታፔላው ስምና የሥራ ዓይነት ይናገር፣ ከተቻለም ቀስት።

ቀለሙም የንግድ ውሳኔ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ኅትመትን አትምርም። በተለምዶ ቀድመው የሚገረጡት ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ) እና ቢጫ ናቸው፤ ቀዩ የሚሠራው ከሁለቱ ስለሆነ የታተመ ቀይ ስም ከሰማያዊውና ከጥቁሩ በፊት ይሞታል። ቀይ የግድ ከሆነ ከራሱ ከቀይ ስቲከር ወይም ከቀይ አክሪሊክ ይቆረጥ እንጂ አይታተም። ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ስሙ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ፊደል በፊደል ይስተያይ፦ «ሰ» ነው «ሠ»? «ጸ» ነው «ፀ»? ለዓይን የማይከብድ ነገር ነው፤ ባንክና ገቢዎች ሲኬድ ግን ይከብዳል።

ቤተ መንግሥቱ ሁሉ ቦታ ነው

ለጎንደር ደንበኛ ሎጎ ሲሠራ ገና ወረቀት ሳይነሳ የሚመጣው የፋሲል ግንብ ነው። ሆቴሉ ግንብ፣ ፋርማሲው ግንብ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ግንብ፣ አስጎብኚው ግንብ። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ የዓለም ቅርስ ነው፤ ማማረሩ በእሱ ላይ አይደለም። ሎጎ ግን የተፈጠረው ለመለያ ነው። አሥር ሆቴል አንድ ዓይነት ግንብ ከለጠፈ እንግዳው የሚያስታውሰው ጎንደርን እንጂ ሆቴሉን አይደለም። ደንበኛው ከፍሎ ያስተዋወቀው ተወዳዳሪውን ጭምር ነው።

ሕጉም እዚህ ያግዛል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክትን የሚተረጉመው የአንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ለመለየት የሚያስችል ምልክት ብሎ ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። «እትዬ፣ ይህን ምልክት ነገ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ይፈልጋሉ?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ከአሥር የውበት ክርክር ትበልጣለች።

ከግንቡ ሌላ የለም እንዳይባል፣ ከተማዋ ሞልቷታል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች፣ በተለይ ዓይኖቻቸው፤ የብራና መጻሕፍት ሐረግ፤ የወለቃ መንደር ጥቁር ሸክላ፤ የመሶብ ስፌት ቅርጾች፤ ፒያሳ ላይ ጣሊያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሠርቶት የሄደው የክብ ማዕዘን ሕንፃና የክሬም ቀለም። ሆኖም እዚህም ጥንቃቄ አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቢራ ቤት ታፔላ ላይ ቢወጣ ደንበኛን ያስቀይማል። ምንጩን ከመውሰድ በፊት የንግዱ ዓይነት ይታይ።

ሜኑ፦ ነጭ ፕላስተር የለጠፈው ማነው?

የአገልግሎቱን ድክመት በአንድ ዕቃ ማየት የሚፈልግ የምግብ ቤት ሜኑ ያንሳ። ባለቀለም፣ በወፍራም ፕላስቲክ ላሚኔት የተደረገ፣ ሲመረቅ የሚያምር። ሦስት ወር ቆይቶ ዋጋው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ ቁጥር ተጽፎበታል። ስድስት ወር ቆይቶ ፕላስተሩ ላይ ሌላ ፕላስተር። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ የዘይቱም የሥጋውም ዋጋ እንደማይቆም ዲዛይነሩም ያውቃል፣ ባለቤቱም ያውቃሉ፤ ሜኑው ብቻ አያውቅም።

የሚያስብ ቤት እንዲህ ይሠራዋል። የውጭውን ሽፋን ጠንካራ አድርጎ አንዴ ያትማል፤ ስም፣ ሥዕል፣ ታሪክ እዚያ ላይ ይሁን። ውስጡ የሚገባውና የሚወጣው ግን ላሚኔት ያልተደረገ የኤ4 ወረቀት ነው፤ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ብቻ። የዚህን ፋይል በዩኒኮድ ፎንት ዎርድ ላይ አዘጋጅቶ ለባለቤቱ ያስረክባል፤ ካሸሯ ቁጥሩን ቀይራ ቢሮ ባለችው ተራ ፕሪንተር ታወጣዋለች። ፎንቱ ካልተጫነላት ነገሩ ሁሉ ከንቱ ስለሆነ ርክክቡ ላይ ዲዛይነሩ ራሱ ሄዶ ይጭነው፣ አንድ ዋጋም አብሯት ይቀይር።

ወረቀቶቹ ሁለት ይሁኑ፦ የጾምና የፍስክ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። አንድ ላይ የታተመ ሜኑ በእነዚያ ቀናት ግማሹ ሙት ገጽ ነው፤ እንግዳው ጥብስ ያዝዛል፣ አስተናጋጁ «የለም» ይላል፣ «የለም» ሁለት ሦስቴ ሲደጋገም ቤቱ ድሃ ይመስላል። የሚወጣ ወረቀት ከሆነ ፍስኩ ጠዋት ይነሳል፣ ለውጭ እንግዳ ከተፈለገም ለብቻው ይሰጣል። ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር ደግሞ ከግርጌ በግልጽ ይጻፍ፤ 15 በመቶ ሒሳብ ላይ ሲመጣ የሚነሳውን ጭቅጭቅ አስተናጋጁ ላይ መጣል ግፍ ነው።

እዚህ ላይ ኅትመት ቤቶቹ የሚያነሱት ተቃውሞ አለ፤ ባዶም አይደለም። «ዋጋ በተለወጠ ቁጥር እኛ ዘንድ መጥቶ ያሳትም ነበር፤ ፋይሉን ከሰጠነው ምን እንበላለን?» ይላሉ። በተግባር ግን ደንበኛው በየጊዜው አያሳትምም፤ ፕላስተር ነው የሚለጥፈው። ያ ፕላስተር የማንም ገቢ አይደለም፤ የዲዛይነሩን ሥራ ግን በየጠረጴዛው ያዋርዳል። ከዚህ ይልቅ በዓመት አራት ጊዜ ሜኑውን የመከለስ ውል ይሻላል፦ ምን እየተሸጠ እንደሆነ ከካሸሯ ተጠይቆ፣ የማይሸጠው ወጥቶ፣ ትርፍ ያለው ወደ ገጹ አናት ተነስቶ።

ስለ ፎቶ ብዙ አንልም። ከሆቴሉ የሚመጣው ፎቶ በቴሌግራም እንደ ምስል ተልኮ ተጨምቆ ነው፤ ለስልክ ይበቃል፣ ለኅትመት አይበቃም። «እንደ ፋይል ላኩት» ማለት ነው። ለጥምቀት የሚሆን ሥራ ደግሞ በኅዳር ይጀመር፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የመጣ ሆቴል የሚያገኘው የዓምናውን ባነር ዓመተ ምሕረቱ ተቀይሮ ነው።

የሚወስነው ማነው?

ጎንደር ላይ አብዛኛው ንግድ የቤተሰብ ነው። ሥራውን የሚያዘው ወንድ ልጁ ይሆናል፣ ገንዘቡ የአባትየው ነው፣ የመጨረሻዋን ቃል የምትናገረው ደግሞ አሜሪካ ያለችው እህት ናት። አምስት ጊዜ ተስተካክሎ ያለቀ ሎጎ «እህታችን አልወደደችውም» ተብሎ ከዜሮ የሚጀመረው በዚህ ነው። ጥፋቱ የእህትየው አይደለም፤ መጀመሪያ ስላልተጠየቀች ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመቀበል በፊት «ሲያልቅ እነማን ናቸው የሚያዩት?» ተብሎ ይጠየቅ፣ ሁሉም የሚገኙበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈት። አማራጭ ከሦስት አይብለጥ፤ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። እያንዳንዱ ሥር ለምን እንደተመረጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ለምሳሌ «ይህኛው የተሠራው ከአዘዞ በኩል ለሚገባ እንግዳ ከመኪና እንዲታይ ነው»። ምክንያት የሌለው አማራጭ የሚመዘነው በ«ቀለሙ ደስ አላለኝም» ብቻ ነው።

ከዚያ የብር ቋንቋ ይመጣል። እንበል አንድ ካፌ በአማካይ ከአንድ ሰው 200 ብር ይሸጣል፤ ከዚያ 40 በመቶው ወጪው ተቀንሶ ይቀራል። የደረጃው ቀስት በቀን 5 ሰው ቢጨምር በቀን 400 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 10,400 ብር ነው። የዲዛይንና የሥራው ጠቅላላ 15,000 ብር ከሆነ በወር ተኩል ገደማ ራሱን ይከፍላል። ለነጋዴ ይህ «ዘመናዊና ማራኪ» ከሚለው ይልቅ ይገባዋል፤ ቁጥሮቹን የሚሞሉት ግን ባለቤቱ ራሳቸው መሆን አለባቸው። 5 ሰው ይመጣል ብሎ ተስፋ መስጠት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ አይደረግም። ከሥራው በፊት ሁለት ሳምንት፣ ከሥራው በኋላ ሁለት ሳምንት ደረሰኝ ይቆጠር። አንዱ ቆጠራ ቅበላ ላይ፣ ሌላው ጾም ውስጥ ከወደቀ ግን ንጽጽሩ ዋጋ የለውም፤ የተለወጠው ታፔላው ሳይሆን ጾሙ ነውና።

ፕሮፎርማው

ከምንም በላይ መስተካከል ያለበት ወረቀት ይሄ ነው። «ታፔላ 3 በ2፣ ይህን ያህል ብር» የሚለው አንድ መስመር ይሰበር። ዲዛይን ለብቻው፣ ኅትመት ለብቻው፣ መስቀያ ብረትና ገጠማ ለብቻው ይጻፍ። ደንበኛው መጀመሪያ ያጉረመርማል። «በነፃ ነበር እኮ!» ይላል፤ ለተወሰነ ጊዜ ሥራ ሊቀር ይችላል። በአንድ ቀን መለወጥ የማይችል ቤት ቢያንስ የዲዛይኑን ዋጋ ጽፎ ከጎኑ ቅናሽ ያድርግ፤ ዋጋ እንዳለው ይታወቅ፣ ኅትመቱን ሌላ ቦታ የሚወስድም ምን እንደሚከፍል ይወቅ።

ግማሽ ቅድመ ክፍያ፣ ሁለት ጊዜ ማስተካከያ፣ ከዚያ በላይ ላለው በሰዓት ክፍያ፤ ይህ ፕሮፎርማው ላይ ይግባ። ቀለሙና ፍሌክሱ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ የኅትመቱ ዋጋ የሚጸናበት ቀን ይጻፍ፣ 7 ወይም 10 ቀን። የዲዛይኑ ዋጋ ግን ከዶላር ጋር ስለማይሮጥ ረዘም ቢል ምንም የለበትም።

ባለቤትነትም አለ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በውል ታዝዞ የተሠራ ሥራ ባለቤቱ አዛዡ ነው። ስለዚህ ያልተመረጡትን አማራጮች ለራሱ ማስቀረት ወይም ሥራውን ፔጁ ላይ ማሳየት የሚፈልግ ዲዛይነር በጽሑፍ ያስቀምጠው። ደንበኛውም «ፋይሉ የኛ ነው፣ አንሰጥም» ሲባል ዝም አይበል።

ፍርዱ እንግዲህ ለሁሉም አንድ አይደለም። የሠርግ ካርድ፣ የምረቃ ባነር፣ የሐዘን ማስታወቂያ ከሆነ ካላችሁበት ማራኪ ሰፈርም ሆነ አዘዞ አቅራቢያ ያለው ቤት ይበቃል፣ በደስታ ሂዱ። ለአዲስ ሆቴል፣ ለክሊኒክ፣ ለሁለተኛ ቅርንጫፍ ግን ስትገቡ መጠኑን አትናገሩ። «ደንበኛ ደረጃውን አያገኘውም» በሉና የሚመጣላችሁን ጥያቄ ስሙ። ልጁ «ስንት በስንት?» ብሎ ከጠየቃችሁ አመስግናችሁ ውጡ። «መቼ መጥቼ ልየው?» ብሎ ከጠየቃችሁ ቀብዱን ክፈሉ።

ስትረከቡ የምትጠይቁት ሎጎው በቬክተር (ሲተልቅ በማይደበዝዝ ፋይል)፣ ማለትም በፒዲኤፍና በኮረልድሮ፣ አንዱ ፊደሉ ከርቭ የሆነ፣ አንዱ ያልሆነ፤ ጀርባው ባዶ የሆነ የፒኤንጂ ምስል፤ የቀለሞቹ ቁጥር በሲኤምዋይኬም (ለኅትመት) በአርጂቢም (ለስክሪን)፤ የፎንቱ ስም። ፍላሹን ኪስ ከመክተታችሁ በፊት እዚያው ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስከፍቱት፣ ፊደሉ ካልተበተነ ቀሪውን ግማሽ በቴሌብር ላኩ።